ምግብ የተወ ዓሣ፦ ከመድኃኒቱ በፊት ውሃው ይታይ

በእስራኤሏ ነታንያ አፓርታማ ውስጥ ልጅ «እንስሳ ግዙልኝ» ብሎ ሲያስቸግር ወላጅ በመጨረሻ የሚስማማው ብዙ ጊዜ በዓሣ ነው። ውሻ ጠዋትና ማታ መውጣት አለበት፤ ድመት ሶፋ ትቧጭራለች፤ ዓሣ ግን መደርደሪያ ላይ ዝም ብሎ ይኖራል ተብሎ ይታሰባል። ሁለት ሦስት ሳምንት እንዳለፈ ልጁ «እማዬ፣ ዓሣው አልበላም አለ» ብሎ ይመጣል። ያን ጊዜ ቤተሰቡ ተጨማሪ ምግብ ይበትናል፤ እሱም ካልሆነ ሱቅ ሄዶ የመድኃኒት ጠርሙስ ይዞ ይመለሳል። ሁለቱንም የሚያደርገው በቅን ልብ ነው፤ ሁለቱም ግን ሊድን ይችል የነበረውን ዓሣ ሲገድሉት ይታያል።

ምግብ መተው ራሱ በሽታ አይደለም፤ ምልክት ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቁመውም ዓሣው የሚኖርበትን ውሃ ነው።

አስቀድሞ መረጋጋት ይገባል። ዓሣ እንደ እኛ የበላውን እያነደደ ሰውነቱን አያሞቅም፤ የሰውነቱ ሙቀት የውሃው ሙቀት ነው። ስለዚህ ጤነኛ የሆነ ያደገ ጎልድፊሽ አንድ ሳምንት፣ ከዚያም በላይ ሳይበላ ቢሰነብት በረሃብ አይሞትም። ገና ያላደጉ ግልገሎች ይህን ያህል አይችሉም እንጂ፣ ለትልቁ ጊዜ አለ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ለሰንበትም ጭምር ብሎ እጥፍ መበተን አያስፈልግም፤ ያልተበላው ምግብ ጠጠሩ ሥር ገብቶ ይበሰብስና ውሃውን ይመርዘዋል።

ቀጥሎ ማየት ነው። ወንበር ስቦ ገንዳው ፊት አሥር ደቂቃ የተቀመጠ ሰው ብዙ ነገር ያውቃል፤ በነታንያ ቤቶች ደግሞ ይህን የተካኑት ቤት የሚውሉት አያቶች ናቸው ብዬ አምናለሁ። ዓሣ ምግብ የሚተወው በአንድ ዓይነት መንገድ ብቻ አይደለም። ምግቡን አይቶ ተሽቀዳድሞ የሚመጣ፣ ጎርሶ የሚተፋ፣ የተፋውን መልሶ የሚጎርስ አለ። ይህ ዓሣ ርቦታል፤ ችግሩ አፉ ወይም ጉሮሮው ጋ ነው፣ አለዚያም የምግቡ ፍሬ በዝቶበታል። ጎልድፊሽ ጠጠር እየጎረሰ የሚተፋ ዓሣ ስለሆነ አንዳንዴ ጠጠሩ አፉ ውስጥ ይሰነቀርበታል፤ አፉ ተከፍቶ ከቀረ በባትሪ ብርሃን ይታያል። ምግቡን ፈልጎ ሊወጣ ሲል ሌላ ዓሣ የሚያባርረውም አለ፤ የእሱ መድኃኒት ለብቻው የሚበላበት ቦታ ነው። ክንፎቹን ወደ ገላው ሰብስቦ ጥግ የያዘ፣ ወይም ውሃው አናት ላይ ሆኖ አፉን እየከፈተ የሚጎርስ፣ ስንጥቡ ቶሎ ቶሎ የሚከፈትና የሚዘጋ ዓሣ ግን የሚነግረን ስለ ውሃው ነው።

ውሃው ጥርት ብሎ መታየቱ ምንም ዋስትና አይሆንም። ዓሣ ከሰውነቱ የሚያስወግደውን አሞኒያ በአብዛኛው የሚያወጣው በስንጥቡ ነው፤ የበሰበሰ ምግብም አሞኒያ ይሆናል። አሞኒያ ቀለም የለውም፤ ስንጥብን ግን ይለበልባል። ውሃው የአልካሊነት ጠባዩ እየጨመረ ሲሄድ መርዝነቱም ይጨምራል፤ ፒኤች ከ7 ወደ 8 ሲወጣ መርዛማው ክፍል ወደ አሥር እጥፍ ይጠጋል። ከዚህ መርዝ ዓሣውን የሚያድኑት በማጣሪያው ስፖንጅ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናቸው፤ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ደግሞ እምብዛም ወደማይጎዳው ናይትሬት ይለውጡታል። እነዚህን ተህዋስያን እ.ኤ.አ. በ1890 ለይቶ ያወጣቸው ሩሲያዊው ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ ነው። እሱ ያጠናቸው በአፈር ውስጥ ነበር፤ በአኳሪየም ውስጥ ናይትራይቱን የሚበሉት ናይትሮስፒራ የተባሉት መሆናቸውን ደግሞ ተመራማሪው ቲሞቲ ሆቫኔክና ባልደረቦቹ በ1998 አሳዩ። ለዓሣ ባለቤት ዋናው ቁም ነገር ባክቴሪያዎቹ ቀስ ብለው የሚባዙ መሆናቸው ነው። አዲስ ገንዳ እስኪበስል፣ ማለትም ባክቴሪያዎቹ እስኪበቁ፣ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጅበታል። ልጁ «አልበላም አለ» ብሎ የመጣው በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሳምንት መሆኑ እንግዲህ የአጋጣሚ ነገር አይደለም፤ አሞኒያውና ናይትራይቱ ጣሪያ የሚነኩት ያኔ ነው።

የበሰለ ገንዳም በአንድ ቀን ሊበላሽ ይችላል። ማጣሪያውን በቧንቧ ውሃ አጥቦ ንጹሕ ማድረግ ሙያ ይመስላል፤ በቧንቧው ውሃ ውስጥ ያለው ክሎሪን ግን ባክቴሪያዎቹን ይፈጃቸዋል። ስፖንጁ የሚታጠበው ከገንዳው በተቀዳ ውሃ በባልዲ ውስጥ ነው፤ ለዓይን አስቀያሚ ሆኖ ቢቀር አይክፋዎት። ሌላው በእኛ ቤቶች የሚያጋጥመው ኤሌክትሪኩን በራሱ የሚከፍትና የሚዘጋው የሰንበት ሰዓት ነው። መብራቱን ከሰንበት ሰዓት ጋር ማያያዝ ይቻላል፤ ማጣሪያውንና የአየር ፓምፑን ግን ፈጽሞ አይሆንም፤ ውሃ መዞሩን ሲያቆም ባክቴሪያዎቹ ኦክስጅን ያጣሉ፣ ከሰዓታት በኋላም መሞት ይጀምራሉ።

የነታንያ በጋም የራሱ ጣጣ አለው። ሻራቭ የሚባለው ትኩስ ነፋስ በተነሣ ቀን መስኮቱ ተዘግቶ፣ ማዝጋኑ (የአየር ማቀዝቀዣው) ጠፍቶ የዋለ ቤት ውስጥ ትንሽ ገንዳ 30 ዲግሪ በቀላሉ ይደርሳል። ሃያ ዲግሪ የሆነ ውሃ በሊትር ወደ 9 ሚሊግራም ኦክስጅን ይይዛል፤ ሠላሳ ሲደርስ ወደ 7.5 ይወርዳል። ውሃው ሲሞቅ ደግሞ የዓሣው አካል ብዙ ኦክስጅን ይጠይቃል። ጎልድፊሽ የቀዝቃዛ ውሃ ዓሣ በመሆኑ እንዲህ ያለው ሙቀት ይከብደዋል። እንዲህ ባለ ቀን ምግብ ቢተው ትክክለኛ ነገር አደረገ፤ ምግብ መፍጨትም ኦክስጅን ይፈጃልና። የአየር ፓምፕ ይጨመርለት፣ ገንዳው ከፀሐይ ይራቅ፣ ከላይ በማራገቢያ ይነፈስበት። በረዶ በአንድ ጊዜ መዘርገፍ ግን ድንጋጤ ይጨምርበታል።

ለበረሮና ለትንኝ የሚረጨውን መድኃኒትም ማሰብ ያስፈልጋል። በብዙዎቹ መርጫዎች ውስጥ ያሉት ፓይሬትሮይድ የሚባሉ ኬሚካሎች በሰው ላይ የሚያደርሱት ጉዳት አነስተኛ ቢሆንም ለዓሣ እጅግ መርዛማ ናቸው። የአየር ፓምፑ የክፍሉን አየር እየሳበ ውሃው ውስጥ ስለሚያስገባው፣ ሌላ ክፍል የተረጨ እንኳ ገንዳው ጋ ሊደርስ ይችላል። ዓሦቹ በሙሉ በአንድ ቀን ምግብ ከተዉ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ትናንት ቤቱ ወይም ደረጃው ተረጭቷል ወይ?» የሚለው ነው።

የመጀመሪያው ቀን እንክብካቤ እንግዲህ ይህን ይመስላል። ምግብ ይቁም። ውሃው ይለካ፤ አሞኒያና ናይትራይት ዜሮ መሆን አለባቸው። ከሱቅ የሚገዛው መለኪያ ወረቀት ብዙ ጊዜ አሞኒያን አያሳይም፤ ስለዚህ አሞኒያን ይለካል ወይ ብሎ ጠይቆ መግዛት ነው። ከዚያ ከገንዳው ውሃ ሩቡ ወይም ሲሶው ይቀየር፤ ልኩ ከፍ ያለ ከሆነ በማግሥቱም ይደገም። አዲሱ ውሃ ክሎሪን ማስወገጃ ጠብታ የተጨመረበትና ሙቀቱ ከገንዳው ጋር የተስተካከለ መሆን አለበት። ለማሞቅ ተብሎ ከዱድ (ከቤቱ የውሃ ማሞቂያ) የወረደ ውሃ ባይጨመር ይሻላል፤ ከማሞቂያውና ከቧንቧው መዳብ ይዞ ሊመጣ ይችላል፣ መዳብም ለዓሣ መርዝ ነው። የእስራኤል ቧንቧ ውሃ ከጉድጓድም፣ ከኪነሬት ሐይቅም፣ ጨዉ ከወጣለት የባሕር ውሃም ስለሚመጣ ጠባዩ ከወር ወር ሊለያይ ይችላል። የገንዳውን ብቻ ሳይሆን የቧንቧውንም ውሃ አልፎ አልፎ መለካት የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ናይትራይት ሲገኝ ተራ ጨው ይረዳል። ናይትራይት ወደ ደም ገብቶ ኦክስጅን የመሸከም አቅሙን ያሳጣዋል፤ በጨው ውስጥ ያለው ክሎራይድ ደግሞ በስንጥቡ በኩል እንዳይገባ ይከለክለዋል። በሊትር አንድ ግራም፣ ቀድሞ በባልዲ ሟሙቶ ቀስ እየተባለ ይጨመራል። ጎልድፊሽ ይችለዋል፤ እንደ ጣናው አምባዛ ቅርፊት የሌላቸው የአኳሪየም ዓሦች ግን ለጨውም ለመድኃኒትም ስሱ ናቸው፤ ብዙ የውሃ ተክሎችም አይወዱትም።

ሳይታመም የሚጾም ዓሣም አለ። ከደንቢያ የመጡ አባቶችና እናቶች በጣና ዳር የሚያውቁት ቀረሶ፣ በዕብራይስጥ አምኑን የሚባለው የቲላፒያ ዘር፣ እንቁላሉንና ጫጩቶቹን በአፉ ውስጥ ያሳድጋል። የቀረሶዋ እናት አፏ ሞልቶ ሁለት ሳምንት ያህል ከምግብ ትታቀባለች። ከማላዊ ሐይቅ የመጡት ባለ ደማቅ ቀለም የአኳሪየም ዓሦችም እንዲሁ ያደርጋሉ፤ እነሱ ሦስት ሳምንት ያህል ይቆያሉ። ጉንጯ ወይም ከአገጯ በታች ያለው ቆዳ ያበጠ፣ አፏን እንደምታኝክ የምታንቀሳቅስ፣ ሌሎቹን የምትሸሽ ሴት ዓሣ ካዩ አይንኳት። መድኃኒት ቢጨመርባት ልጆቿን ልትተፋ ትችላለች።

ውሃው ተስተካክሎ ጥቂት ቀናት ካለፉ በኋላም ዓሣው ካልበላ በሽታው ይፈለግ። ገላው ላይ ጨው የተነሰነሰ የሚመስል ነጭ ነጥብ ኢክ የተባለ ጥገኛ ተህዋስ ነው። መድኃኒቱ ቆዳው ሥር ያለውን አይገድለውም፤ የሚገድለው ወድቆ ከተራባ በኋላ ውሃው ውስጥ የሚዋኘውን ትውልድ ነው። ስለዚህ ነጥቡ ሲጠፋ «ዳነ» ብሎ ማቋረጥ በሽታውን መልሶ መጥራት ነው፤ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ቀን እስኪሞላ ይቀጥላል። ነጭ፣ ቀጭን፣ እንደ ክር የተንጠለጠለ ኩስ የሚያወጣና እየከሳ የሚሄድ ዓሣ አንጀቱ ውስጥ ጥገኛ ሊኖርበት ይችላል። ሆዱ ተነፍቶ ቅርፊቶቹ ወደ ውጭ የቆሙ ከሆነ ግን ኩላሊቱ ተጎድቷል፤ የዚህ ዓይነቱ ብዙ ጊዜ አይተርፍም። ጎልድፊሽ ሆዱ ደርቆ ወደ ጎን ከተንጋደደ ሁለት ሦስት ቀን ጾሞ፣ ተቀቅሎ የተላጠ አተር በትንሽ በትንሹ ቢሰጠው ሊረዳው ይችላል። አንቲባዮቲክ በግምት ገንዳው ውስጥ አይጨመር፤ የማጣሪያውን ባክቴሪያዎችም አብሮ ይገድላል። ለእሱ የእንስሳት ሐኪም ማማከር ይገባል።

እስራኤል የዓሣ በሽታ ምን ማለት እንደሆነ በደንብ ታውቃለች። በ1998 በአገሪቱ የካርፕና የኮይ እርባታዎች ውስጥ ዓሦች ምግብ ትተው፣ ዓይናቸው ሰርጉዶ፣ ስንጥባቸው እየበሰበሰ በጅምላ አለቁ። በዚያው ዓመት በአሜሪካም ታየ። ምክንያቱ ኮይ ሄርፐስ ቫይረስ ሆኖ ተገኘ፤ በኢየሩሳሌም ዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ የሞሼ ኮትለር ቡድን የተዳከመ ቫይረስ በመጠቀም ክትባት ሠራ። ቫይረሱ ሰውን አይነካም፤ ቁጥቋጦ ሥር ባለች ትንሽ የኮይ ኩሬ ውስጥ ግን ዛሬም አዲስ ዓሣ ሳይለዩ መጨመር አደገኛ ነው። አዲስ የተገዛ ዓሣ ከነባሮቹ ጋር ከመቀላቀሉ በፊት ለብቻው ቢያንስ ሁለት፣ ቢቻል አራት ሳምንት ይቆይ።

ሰውን የሚነካም አለ። ማይኮባክቴሪየም ማሪነም የተባለው ባክቴሪያ በእጅ ቁስል በኩል ገብቶ ከሳምንታት በኋላ የማይድን የሚመስል እብጠት ያወጣል። እጅዎ ተቆርጦ ከሆነ ያለ ጓንት ገንዳው ውስጥ አይክተቱት፤ ውሃ ለማውጣት ጎማውን በአፍ አይሳቡ። ሐኪም ዘንድ ከሄዱም ቤትዎ አኳሪየም እንዳለ ይንገሩ፤ ካልተጠየቀ የማይገመት በሽታ ነው።

ዓሣው ወደ መብላት ሲመለስ በደረቅ ምግብ አይጀመር። የቀዘቀዘ የትንኝ እጭ ወይም አርቴሚያ የተባለው ጥቃቅን ሽሪምፕ ቀልጦ፣ ሁለት ሦስት ፍሬ ብቻ ይጣልለት፤ በአምስት ደቂቃ ያልተነካው ይውጣ። የማይድንም ካለ ማሠቃየት አይገባም፤ የቅርንፉድ ዘይት በሞቀ ውሃ ተመትቶ በተለየ ዕቃ ውስጥ በበቂ መጠን ሲጨመር ዓሣውን አስተኝቶ ይገድለዋል፤ መጠኑን ግን የእንስሳት ሐኪም ይንገርዎ። የማይፈለገውን ወይም የታመመውን ዓሣ «ነፃ ልልቀቀው» ብሎ ወደ ዶራ የክረምት ኩሬ፣ ወደ ፖሌግ ወይም ወደ አሌክሳንደር ወንዝ መወርወር ግን ምሕረት አይደለም። በእነዚያ ውሃዎች የሚኖሩት እንቁራሪቶች፣ ኤሊዎችና ዓሦች ከሱቅ የመጣውን በሽታ የሚመክቱበት አቅም ላይኖራቸው ይችላል። እባክዎ የገንዳዎን ዓሣ፣ የገንዳዎን ውሃ፣ ተክሉንም ቢሆን፣ ወደ ወንዝ አይድፉ፤ ለልጆችዎም ይህን ይንገሯቸው።