ከግድቡ እስከ ልደታ ቦኖ፦ የከተማ ውሃን ማስፋፋት ምን ይጠይቃል?

የአንድ ከተማ ሕዝብ ቁጥር እየጨመረ ሄዶ የውሃ እጥረት ሲበረታ፣ ብዙውን ጊዜ በቅድሚያ የሚታሰበው አዲስ ግድብ መሥራት ወይም አዲስ ጉድጓድ መቆፈር ነው። ሐሳቡ ተገቢ ቢሆንም ብቻውን በቂ አይደለም። በአዲስ አበባ በልደታ ማርያም አካባቢ የሚኖር ቤተሰብ ውሃ አገኘ የሚባለው ግድቡ ስለ ሞላ ብቻ ሳይሆን፣ ውሃው ተጣርቶ፣ በቂ ግፊት አግኝቶና በመንገድ ሳይባክን ደጁ ድረስ ሲደርስ ነው። ከእነዚህ ደረጃዎች አንዱ ወደ ኋላ ከቀረ በሌሎቹ ላይ የዋለው ገንዘብና ጉልበት ሙሉ ጥቅም አይሰጥም። ይህም በድርቅ የተፈናቀሉ ወገኖችን ለሚያሰፍሩም ሆነ የከተማ ነዋሪዎችን ከቦታ ወደ ቦታ ለሚያዛውሩ ኃላፊዎች እኩል የሚሠራ ነው።

የምንጮቹ አመጣጥ

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ነዋሪዎቿ ይጠቀሙ የነበረው በምንጭና በወንዝ ውሃ ነበር። በ1880ዎቹ የስዊስ ተወላጅ የሆነው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ከእንጦጦ ወደ ቤተ መንግሥቱ ውሃ በቧንቧ እንዲወርድ አደረገ። ከተማው እየሰፋ በመሄዱም በ1930ዎቹ በስተ ምዕራብ የገፈርሳ ግድብ፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ በስተ ምሥራቅ የለገዳዲ ግድብ ተሠሩ። በ1963 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ተቋቋመ። በ1970ዎቹ የለገዳዲ ማጣሪያ ጣቢያ ተስፋፋ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ለለገዳዲ ጣቢያ ውሃ የሚያቀርበው የድሬ ግድብ ተጨመረ፤ በስተ ደቡብም የአቃቂ ጥልቅ ጉድጓዶች በስፋት ሥራ ላይ ዋሉ።

ይህ ሁሉ ሲደረግ የሕዝቡ ቁጥርም አልቆመም። በ1976 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ የከተማው ሕዝብ 1.4 ሚሊዮን ያህል የነበረ ሲሆን፣ በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ 2.7 ሚሊዮን ደርሷል። በመሆኑም እያንዳንዱ አዲስ ምንጭ ጥቂት ዓመታት ካገለገለ በኋላ ፍላጎቱ መልሶ ይቀድመዋል።

ውሃው የሚያልፍባቸው ደረጃዎች

የመጀመሪያው ደረጃ ተፋሰሱ ነው። የለገዳዲ ግድብ የሚሞላው በክረምት ዝናብ እንደ መሆኑ መጠን፣ ዝናቡ ሲያጥር የከተማው ክምችትም ያንሳል። ዝናቡ ሲበረታ ደግሞ ጎርፉ ከታረሰውና ከተራቆተው መሬት ደለል ጠርጎ ወደ ግድቡ ያስገባል። ስለዚህ በተፋሰሱ ላይ እርከን መሥራትና ዛፍ መትከል ከከተማው የውሃ ሥራ ተለይቶ የሚታይ አይደለም።

ሁለተኛው ማጣሪያው ነው። የለገዳዲ ውሃ ከደቃቅ ጭቃ የተነሣ ድፍርስነቱ ከፍተኛ ነው። ጭቃው እንዲረጋ አሉሙኒየም ሰልፌት ይጨመርበታል፤ ከዚያም በአሸዋ ተጣርቶ በክሎሪን ይታከማል። የድፍርስነቱ መጠን በጨመረ ቁጥር የኬሚካሉ ወጪም ይጨምራል።

ሦስተኛው ግፊት ነው። እንጦጦ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 3,000 ሜትር፣ አቃቂ ደግሞ 2,100 ሜትር ያህል ከፍታ አላቸው። ከገፈርሳና ከለገዳዲ የሚመጣው ውሃ በአብዛኛው በራሱ ክብደት ወደ ከተማው ይወርዳል። የአቃቂው ውሃ ግን ዳገት ለዳገት በፓምፕ የሚገፋ ስለ ሆነ መብራት ሲጠፋ ውሃውም ይቋረጣል።

አራተኛው የማከፋፈያው መስመር ነው። ባረጁ ቧንቧዎች በኩል የሚባክነው ውሃ ሲሶ ያህል ከሆነ፣ ከሦስት ግድቦች የአንዱ ውሃ መሬት ውስጥ ሰጥሞ ቀረ ማለት ነው። ያረጀ ቧንቧ መለወጥ እንደ ግድብ ምረቃ የሚታይ ሥራ ባይሆንም የሚያስገኘው ውሃ ግን ተጣርቶ ያለቀለት ውሃ ነው።

የልደታ ትምህርት

ልደታ ከከተማው ነባር ሰፈሮች አንዱ ነው። በእንዲህ ያሉ ሰፈሮች ብዙ ቤተሰብ በአንድ ግቢ ተጠጋግቶ ይኖር ስለ ነበር፣ አንዱ ቧንቧ ለጎረቤት ሁሉ ያገለግላል፤ ቧንቧ የሌለውም ከቦኖ ይቀዳል። ከ2000 ዓ.ም. በኋላ በነበሩት ዓመታት የልደታ ያረጁ ቤቶች ፈርሰው በምትካቸው የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ተሠርተዋል፤ ከነባሩ ነዋሪ ከፊሉም ወደ ሌላ አካባቢ ተዛውሯል።

በውሃ ረገድ ይህ ለውጥ ሁለት ውጤት አለው። በቀድሞው ቦታ ለምድር ቤት የተዘረጋው ግፊት ለላይኛው ፎቅ አይበቃም፤ በየቤቱ መታጠቢያና መጸዳጃ ሲገባም የአንድ ሰው የውሃ ፍጆታ ያድጋል። በአዲሱ ሰፈር ደግሞ ሰው ከመስመሩ ቀድሞ ከገባ፣ ቀድሞ በጉርብትና ያገኘው የነበረውን ቧንቧ እንኳ ያጣል።

ቁጥሩ ሲሰላ

በአስቸኳይ እርዳታ ሥራ የሚሠራበት የስፌር መለኪያ ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር፣ ለ250 ሰዎችም አንድ የቧንቧ አፍ እንዲኖር ይጠይቃል። አምስት ሰው ያለበት ቤተሰብ በዚህ መሠረት በቀን 75 ሊትር፣ ማለትም አራት ጀሪካን ገደማ ያስፈልገዋል። ለ250ው ሰው 3,750 ሊትር ሲሆን፣ በደቂቃ 7.5 ሊትር የሚያወርድ ቧንቧ ይህን ለመሙላት ከ8 ሰዓት በላይ ይፈጅበታል።

ውሃው በፈረቃ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ቢመጣ፣ ያው ቧንቧ የሳምንቱን 26,250 ሊትር ለማውረድ 58 ሰዓት ያህል ያስፈልገዋል። ሁለቱ ቀናት ግን ሌሊቱ ጭምር ተቆጥሮ 48 ሰዓት ብቻ ናቸው። ስለዚህ የቧንቧው ቁጥር በወረቀት ላይ መለኪያውን ቢያሟላም በተግባር ግን ሰልፉ መጨረሻ ላይ የቆመው ሰው ባዶ ጀሪካን ይዞ ይመለሳል። የሚጎዱትም በአብዛኛው ውሃ የመቅዳቱ ሥራ የወደቀባቸው ሴቶችና ሕፃናት ናቸው።

ከዚህም ሌላ የጤና አደጋ አለ። ውሃ የተቋረጠበት መስመር ግፊት ስለማይኖረው በተሰነጠቀው በኩል ፍሳሽ ወደ ውስጥ ሊስብ ይችላል፤ ለብዙ ቀን በዕቃ የተጠራቀመ ውሃም በቀላሉ ይበከላል። በ2008 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የአጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት በሽታ ተከስቶ እንደ ነበር ይታወሳል።

ለሥራ የሚበጅ ቅደም ተከተል

በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ እጅግ ብዙ ሕዝብ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ አካባቢዎች ሲሰፍር፣ ከዝግጅት በፊት ሰው ማጓጓዝ ምን ያህል ጉዳት እንደሚያስከትል ታይቷል። በከተማም ቢሆን ነገሩ ያው ነው። ግድብ የሚሠራበት መሬት ገበሬ የሚያርሰው መሬት ስለ ሆነ፣ ለከተማው ጥም ሲባል ከይዞታው ለሚነሣው ሰው ካሳውና መተዳደሪያው አስቀድሞ መዘጋጀት ይኖርበታል።

በመሆኑም ማናቸውም የሠፈራ ወይም የመልሶ ግንባታ ዕቅድ ከመጽደቁ በፊት፣ ውሃው ከየት እንደሚመጣ፣ በምን ኃይል እንደሚወጣ፣ በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሚፈስ፣ ከመንገድ ምን ያህሉ እንደሚባክንና ቧንቧው ሲሰበር ማን እንደሚጠግነው በጽሑፍ ሊመለስ ይገባል። ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ባልተገኘበት ቦታ የነዋሪው መግቢያ ቀን ሊቆረጥ አይገባም።