የግራ እጅ ሥራ

አዲስ ተማሪ ጉዠንግ ፊት ሲቀመጥ ገና ምንም ሳልነግረው እንዲነካው እፈቅዳለሁ። ሁሉም የሚያደርጉት አንድ ነው፦ ጣታቸውን ከዳር እስከ ዳር በክሮቹ ላይ ያንሸራትታሉ። ክራር የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ከሆነ ወዲያው «ይሄማ ትዝታ ነው!» ይላል። ልክ ነው። የዚህ የቻይና መሣሪያ የተለመደ ቅኝት ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው፤ ከትዝታ ሜጀር ጋር አንድ ነው።

ዛሬ በብዛት የምንጫወተው ጉዠንግ 21 ክር አለው። አምስቱ ድምፆች በአራት ኦክታቭ ሲደጋገሙ 20 ይሆናሉ፤ መዝጊያው ዶ ሲጨመር 21። ርዝመቱ 1 ሜትር ከ63 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በገና ላይ አንድ ብርኩማ አሥሩንም ክር ይሸከማል፤ እዚህ ግን እያንዳንዱ ክር የራሱ ብርኩማ አለው፤ ብርኩማው አልተጣበቀም፣ በክሩ ጫና ብቻ ቆሟል። ወደ ግራ ገፋ ሲያደርጉት የሚመታው የክር ክፍል ይረዝምና ድምፁ ይወርዳል። አራቱን ሚ እና አራቱን ላ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ባደርግ፣ ስምንት ብርኩማ ብቻ ነክቼ ትዝታ ማይነር አገኛለሁ።

የጀማሪ ዓይን የሚሄደው ግን ወደ ቀኝ እጅ ነው። አይፈረድበትም፤ አራት ጣቶች ላይ መምቻ በፕላስተር ታስሮ በፍጥነት ሲሠራ ማየት ደስ ይላል። እኔ ተማሪዎቼን የማስጨንቀው በግራው ነው፤ ጉዠንግን ጉዠንግ የሚያደርገው እሱ ነውና።

የመጀመሪያው ልምምድ ይህ ነው። ሚ ክር አንድ ጊዜ ይመታል። ድምፁ ሳይጠፋ፣ ከብርኩማው በስተግራ ስንዝር በማይሞላ ርቀት ላይ፣ የግራ እጅ ጣቶች ክሩን ወደ ታች ይጫናሉ። ክሩ ይወጠራል፤ ሚ የነበረው ቀስ ብሎ ወደ ፋ ይወጣል። ፋ እና ሲ የራሳቸው ክር የላቸውም፤ ሚ እና ላ ተጭነው ነው የሚገኙት። ለፋ ግማሽ ድምፅ፣ ለሲ ደግሞ ሙሉ ድምፅ መውጣት ስላለበት ሁለተኛው ጫና ይከብዳል። እስከየት እንደሚጫኑ የሚነግር ምልክት መሣሪያው ላይ የለም፤ ዳኛው ጆሮ ነው። መጀመሪያ ላይ ፋው ይጎድላል ወይም ይተርፋል፤ የጣት ጫፍም ያማል። ቀኝ እጁ የፈጠነ ተማሪ ሁሉ እዚህ ላይ ትዕግሥቱ ይፈተናል።

ይህ ሥራ የት ድረስ እንደሚሄድ ለማስረዳት በደቡብ ቻይና ያለውን የቻውዡ ስልት አነሳለሁ። እዚያ ተጫዋቹ ሚ እና ላ ክሮችን እየተጫነ ከፍ ሲያደርጋቸው ሙዚቃው ሌላ ቅኝት ውስጥ ይገባል፤ አንድም ብርኩማ አልተነካም። ከሚወጡት ድምፆች አንዳንዶቹ በፒያኖ ቁልፎች መካከል የሚወድቁ ናቸው። በሄናን ደግሞ ግራ እጅ ይበረታል፤ ክሩን በሰፊው ያርገበግበዋል። መሣሪያውን የሚያውቅ ሰው ዜማውን ባያውቀው እንኳ የተጫዋቹን አገር ከዚህ ይለያል።

ክሮቹ ቀድሞ ሐር ነበሩ፤ ዛሬ ብረት ላይ ናይለን የተጠቀለለባቸው ናቸው። ብረቱ ድምፁን ስለሚያቆየው ግራ እጅ የሚሠራበት ጊዜ አግኝቷል። ዋንግ ቻንግዩዋን እ.ኤ.አ. በ1965 በደረሰችው «ከማዕበል ጋር ትግል» ውስጥ ደግሞ ከብርኩማዎቹ በስተግራ ያለው፣ ያልተቃኘው የክር ክፍል ራሱ እየተነካ የአውሎ ነፋሱን ጩኸት ያሰማል።

 

ማዳመጥ ለሚጀምር ሰው «የዓሣ አጥማጆች የምሽት ዜማ»ን እመርጥለታለሁ። ሁለተኛው ክፍል እየፈጠነ የሚሄድ የቀኝ እጅ ትርኢት ስለሆነ ሁሉም እሱን ይወደዋል። እኔ ግን ወደ መጀመሪያው፣ ወደ ዝግተኛው ክፍል እመልሰዋለሁ። እዚያ እያንዳንዱ ክር ከተመታ በኋላ ድምፁ የት እንደሚሄድ ይከተል።