ርቀት ወይስ ብርሃን፦ በኪስ ካሜራና በባለ ረጅም ዙም ካሜራ መካከል መምረጥ

ሌንሳቸው ከአካላቸው የማይነቀል ዲጂታል ካሜራዎች በመጠናቸውና በአገልግሎታቸው በሁለት ወገን ይከፈላሉ፤ አንደኛው ሲዘጋ ሌንሱን ወደ ውስጥ ሰብስቦ በኮት ኪስ የሚገባው የኪስ ካሜራ ሲሆን፣ ሁለተኛው ጎላ ያለ መጨበጫና ወደ ፊት የወጣ ወፍራም ሌንስ ኖሮት በአንገት ማንጠልጠያ የሚያዘው ባለ ረጅም ዙም ካሜራ ነው። የሁለቱም ገበያ የስልክ ካሜራ ከተስፋፋ ወዲህ እጅግ ጠቧል፤ የጃፓን ካሜራ አምራቾች ማኅበር መዝገብ እንደሚያሳየው፣ በ2010 እ.ኤ.አ. ከ120 ሚሊዮን በላይ የነበረው ለገበያ የቀረበ ዲጂታል ካሜራ ብዛት በ2023 እ.ኤ.አ. ከ8 ሚሊዮን በታች ወርዷል። ዛሬ ካሜራ ለመግዛት የሚያስብ ሰው ስልኩ የማይሰጠውን ነገር የሚሻ በመሆኑ፣ የሚሻው ርቀት ነው ወይስ ብርሃን የሚለውን ጥያቄ ከመደብር ደጃፍ ሳይደርስ ለራሱ መመለስ ይኖርበታል፤ ሁለቱን አጣምሮ የሚሰጥ ካሜራ ቀላልም ርካሽም አይደለምና።

ገዢን ቀድሞ የሚያማልለው በካሜራው አካል ላይ በጉልህ የሚጻፈው የዙም ቁጥር ነው። ይህ ቁጥር የሚያመለክተው የሌንሱ ረጅሙ የትኩረት ርቀት ለአጭሩ ሲካፈል የሚገኘውን ውጤት ነው። የትኩረት ርቀት የሚባለው ደግሞ ከሩቅ የመጣ ብርሃን በሌንሱ ውስጥ አልፎ ጥርት ያለ ምስል እስከሚሠራበት ቦታ ድረስ ያለው ርቀት ሲሆን፣ በረዘመ ቁጥር የሚታየው ስፋት ይጠብባል፣ በውስጡ ያለውም ነገር ይጎላል። እንግዲህ ቁጥሩ በሁለት ጫፎች መካከል ያለውን ንጽጽር እንጂ ካሜራው ምን ያህል ሩቅ እንደሚደርስ አይናገርም። በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣው ካኖን ኤስኤክስ50 ባለ 50 እጥፍ፣ ከዓመታት በኋላ የመጣው ፓናሶኒክ ኤፍዜድ80 ደግሞ ባለ 60 እጥፍ ተብለው ቢሸጡም፣ የመጀመሪያው ከ24፣ ሁለተኛው ከ20 ሚሊ ሜትር ስለሚነሡ ሁለቱም የሚደርሱት እኩል 1200 ሚሊ ሜትር ነው። በመሆኑም ሊነበብ የሚገባው እጥፉ ሳይሆን በሚሊ ሜትር የተጻፉት ሁለቱ ጫፎች ናቸው። እነዚህም ቢሆኑ፣ ካሜራዎችን ለማነጻጸር እንዲመች፣ 36 በ24 ሚሊ ሜትር ስፋት ካለው የቀድሞው ፊልም ጋር እየተመሳከሩ የተሰሉ እንጂ የሌንሱ እውነተኛ ልኬቶች አይደሉም። ዲጂታል ዙም የሚባለው ከዚህ ሁሉ ውጭ ነው፤ የምስሉን መካከል ቆርጦ ከማተለቅ በቀር አንዳች አዲስ ዝርዝር ስለማይጨምር፣ በግዢ ጊዜ ከቁም ነገር ሊቆጠር አይገባውም።

ከዙም ቁጥር ይልቅ የምስሉን ጥራት የሚወስነው ሴንሰሩ፣ ማለትም ከሌንሱ ጀርባ ሆኖ ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት የሚለውጠው ቁራጭ ነው። በአብዛኞቹ ባለ ረጅም ዙም ካሜራዎችና በርካሾቹ የኪስ ካሜራዎች ውስጥ የሚገኘው ሴንሰር ወደ 6.2 በ4.6 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ሲሆን፣ ስፋቱ 28 ካሬ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ባለ አንድ ኢንች የሚባለው ሴንሰር ደግሞ 13.2 በ8.8 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም 116 ካሬ ሚሊ ሜትር ያህል በመሆኑ ከመጀመሪያው አራት እጥፍ ይሰፋል፤ ስያሜው ከቀድሞ የቴሌቪዥን ካሜራ ቱቦዎች ውጫዊ ስፋት የተወረሰ ስለሆነ ግን፣ ሴንሰሩ ከጥግ እስከ ጥግ ቢለካ አንድ ኢንች አይሞላም። ሰፊ ሴንሰር ብዙ ብርሃን ስለሚሰበስብ፣ በደብዛዛ ቦታ የሚነሣው ምስል ጥቁሩ ክፍል በነጠብጣብ አይሞላም፣ የፊትም ቀለም አይደበዝዝም። ሶኒ በ2012 እ.ኤ.አ. አርኤክስ100 የተባለውን ካሜራ ሲያወጣ ትልቁን ሴንሰር 240 ግራም በምትመዝን አካል ውስጥ ማስገባቱ፣ የኪስ ካሜራ ከስልክ ጋር የሚወዳደርበትን መንገድ ከፍቷል።

ታዲያ ትልቁ ካሜራ ለምን ትንሹን ሴንሰር ይይዛል? መልሱ ያለው በሌንሱ ስሌት ውስጥ ነው። ኤፍ የተባለው ቁጥር የትኩረት ርቀት ለሌንሱ የብርሃን መግቢያ ስፋት ሲካፈል የሚገኝ በመሆኑ፣ ቁጥሩ ሲያንስ የሚገባው ብርሃን ይበዛል። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣውና 899 ግራም የሚመዝነው ኒኮን ፒ900 2000 ሚሊ ሜትር ይደርሳል ቢባልም፣ የሌንሱ እውነተኛ የትኩረት ርቀት 357 ሚሊ ሜትር፣ በዚያ ጫፍ የሚሰጠውም ብርሃን ኤፍ 6.5 ነው፤ 357 ለ6.5 ሲካፈል የብርሃን መግቢያው ስፋት 55 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል። ከሁለት ዓመት በኋላ የመጣው ሶኒ አርኤክስ10 አራተኛው ትውልድ ባለ አንድ ኢንች ሴንሰር ሲሆን፣ በ220 ሚሊ ሜትር እውነተኛ የትኩረት ርቀት ኤፍ 4 ስለሚሰጥ የእርሱም መግቢያ ልክ 55 ሚሊ ሜትር ነው። ተመሳሳዩ ስፋት በትንሹ ሴንሰር ላይ 2000፣ በሰፊው ሴንሰር ላይ ግን ከ600 ሚሊ ሜትር ጋር የሚመጣጠን ርቀት ብቻ ያስገኛል፤ ያም ሆኖ አርኤክስ10 ከአንድ ኪሎ በላይ ይመዝናል። በሰፊው ሴንሰር 2000 ሚሊ ሜትር ለመድረስ የሚያስፈልገው ሌንስ ተሸክሞ የሚሄዱት ዓይነት ስለማይሆን፣ አምራቾች ርቀትን የሚገዙት ሴንሰሩን በማሳነስ ነው። ብዙ ገዢዎች ሳያውቁት የሚቀሩት ይህንኑ ነው፤ ካሜራው በመግዘፉ ብቻ ምስሉም የላቀ ይሆናል ብለው ያስባሉ፤ የዘመኑ በርካታ ውድ ስልኮች ዋና ካሜራ ግን ትንሹን ሴንሰር ከያዙት ግዙፍ ካሜራዎች የሰፋ ሴንሰር አለው።

ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው በኢትዮጵያውያን ሕይወት ውስጥ ፎቶግራፍ በብዛት በሚነሣባቸው ቦታዎች ነው። የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ውስጥ ብርሃን የሚገባው በትንንሽ መስኮቶች ነው፤ የትንሣኤ ሌሊት ብርሃን ጧፍ ነው፤ የሠርግ ምሽት አዳራሽም ቢሆን ለዓይን እንጂ ለካሜራ ብሩህ አይደለም። በእንዲህ ያለው ቦታ አርኤክስ100 በሰፊ እይታው ኤፍ 1.8፣ ፒ900 ደግሞ ኤፍ 2.8 ስለሚከፍቱና ሴንሰራቸው አራት እጥፍ ስለሚለያይ፣ ትንሿ ካሜራ በእኩል ጊዜ ውስጥ አሥር እጥፍ ገደማ ብርሃን ትሰበስባለች። ፍላሽ ይህን ጉድለት ቢሸፍንም የቦታውን ድባብ ያጠፋል፣ ምእመናንንም ይረብሻል። ክርስትናና ሠርግ የማይደገሙ በመሆናቸው፣ በደበዘዘ ብርሃን የተበላሸ የአያት ፊት በምንም ዙም አይመለስም።

በአንጻሩ የሰሜን ተራሮችንና የባሌን ተራሮች የሚጎበኝ ሰው የኪስ ካሜራን ወሰን ወዲያው ይረዳል። ከባሕር ጠለል 4000 ሜትር በላይ በሚደርሰው የሰነቴ አምባ አንድ ሜትር ያህል የሰውነት ርዝመት ያለውን ቀይ ቀበሮ በ100 ሜትር ርቀት ያገኘ ሰው፣ በ200 ሚሊ ሜትር ሌንስ ቢያነሣው ምስሉ 18 ሜትር የመሬት ስፋት ስለሚይዝ እንስሳው በሣሩ መካከል እንደ ነቁጥ ይቀራል፤ በ2000 ሚሊ ሜትር ቢሆን ግን የሚታየው ስፋት 1.8 ሜትር ብቻ ስለሆነ ቀበሮው ከምስሉ ግማሽ በላይ ይሞላል። በገደል ላይ ለሚቆም ዋልያም ሆነ በሐይቅ ዳር ለምታርፍ ወፍ ስሌቱ ያው ነው። ጭላዳ ግን ሰውን እምብዛም ስለማይሸሽ መጠነኛ ዙም ያለው የኪስ ካሜራ ይበቃዋል። ለጨረቃም 2000 ሚሊ ሜትር ተስማሚ ነው፤ ሙሉ ጨረቃ ከምስሉ ቁመት ሦስት አራተኛውን ያህል ስለምትይዝ ጉድጓዶቿ በግልጽ ይታያሉ።

ረጅም ዙም ግን ርቀትን ብቻ ሳይሆን ስሕተትንም ያጎላል። ያለ መደገፊያ የሚያነሣ ሰው የመዝጊያው ጊዜ ቢያንስ አንድ ሰከንድ ለሚሊ ሜትሩ ሲካፈል ከሚገኘው እንዳይረዝም የሚያዝ የቆየ ደንብ ስላለ፣ በ2000 ሚሊ ሜትር ላይ የሚፈለገው አንድ ሁለት ሺሕኛ ሰከንድ ነው፤ ይህን ያህል አጭር ጊዜ በጠባብ የብርሃን መግቢያ የሚገኘው ደግሞ በጠራራ ፀሐይ ብቻ ነው። የእጅ መንቀጥቀጥን የሚያርመው የካሜራው መሣሪያ በእጅጉ ቢረዳም፣ የሚያርመው የፎቶግራፍ አንሺውን እጅ እንጂ የወፏን ክንፍ አይደለም። ከዚህም በላይ አየሩ ራሱ አለ፤ በአዋሽ ሜዳ በቀትር ከመሬት የሚነሣው ሙቀት ብርሃኑን ስለሚያንቀጠቅጠው፣ የሩቅ ምስል ሌንሱ ምንም ያህል ቢያምር ይርገበገባል፤ ስለሆነም የንጋት ሰዓት ከማንኛውም ተጨማሪ ሚሊ ሜትር ይበልጣል። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው ኒኮን ፒ1000 እስከ 3000 ሚሊ ሜትር ቢደርስም፣ በዚያ ጫፍ ብርሃኑ ወደ ኤፍ 8 ይወርዳል፤ ጠባብ መግቢያን የሚያልፍ ብርሃን ስለሚበተንም እጅግ ጥቃቅን በሆኑት ፒክስሎች ላይ ጥርት ብሎ ማረፍ አይችልም። ክብደቱም 1415 ግራም ነው፤ ቀኑን ሙሉ በእግር የሚጓዝ ሰው ይህን ሸክም አስቀድሞ ሊያስብበት ይገባል።

በሁለቱ መካከል የቆሙ ካሜራዎችም አሉ። ካኖን ኤስኤክስ740 በ300 ግራም ገደማ ክብደት 960 ሚሊ ሜትር ድረስ ይዘልቃል፤ ሆኖም ሴንሰሩ ትንሹ፣ ብርሃን መቀበያውም ጠባብ በመሆኑ፣ ለብሩህ ቀን ጉዞ ካልሆነ በቀር ለምሽትም ለሩቅ አውሬም የሚያኮራ ውጤት አይሰጥም። ባለ አንድ ኢንቹ ሶኒ አርኤክስ100 ሰባተኛ ትውልድ 302 ግራም ሆኖ ከ24 እስከ 200 ሚሊ ሜትር ስለሚሸፍን፣ ለአብዛኛው ቤተሰብ ከሁሉ የተሻለው መካከለኛ ይኸው ነው፤ ዋጋው ግን ከአንዳንድ ግዙፍ ካሜራዎች ይበልጣል። ለክብደትና ለዋጋ የማይሳሳ፣ ለአውሬም ለአዳራሽም አንድ ካሜራ ብቻ የሚፈልግ ሰው አርኤክስ10ን ሊመለከት ይችላል፤ አቧራና እርጥበትን እንዲቋቋም መሠራቱም ለአገራችን መንገድ ይስማማል። የኪስ ካሜራ ሌንስ በገባና በወጣ ቁጥር አቧራ ወደ ውስጥ ሊስብ ስለሚችል ከቦርሳ ተለይቶ መኖር የለበትም።

ከሁሉም በፊት ገዢው በስልኩ ውስጥ ያሉትን የአንድ ዓመት ፎቶግራፎች መልሶ ይመልከት። በጣቱ እየዘረጋ ያጎላቸውና የተበጣጠሱበት ምስሎች ከበዙ የጎደለው ርቀት ነውና ባለ ረጅም ዙሙን ይግዛ፤ የጨለሙትና የተንቀጠቀጡት ከበዙ የጎደለው ብርሃን ነውና ባለ አንድ ኢንቹን የኪስ ካሜራ ይምረጥ። ገንዘቡን ከመክፈሉም በፊት የራሱን ሚሞሪ ካርድ ይዞ ወደ መደብሩ ይሂድ፤ ከበሩ ወጥቶ በረጅሙ ዙም አንድ ሩቅ ጽሑፍ፣ ወደ ውስጥ ተመልሶ ያለ ፍላሽ በጨለማው ጥግ የቆመ ሰው ያንሣ፤ ሁለቱንም ምስሎች በካሜራው ትንሽ ስክሪን ሳይሆን በኮምፒውተር አስፍቶ ካየ በኋላ ይወስን።