አንድ ቅመም፣ ሁለት ጥንካሬ፦ ስለ ኤሌክትሪክ ፖርሴሊን



በኤሌክትሪክ ምሰሶ ላይ የምናያት ነጭ ሲኒ በተለመደው ቅመሟ በግምት ግማሽ ካኦሊን፣ ሩብ ፌልድስፓር፣ ሩብ ኳርትዝ ናት። ካኦሊኑ ቅርጽ ያስይዛል፤ ፌልድስፓሩ በእቶን ቀልጦ ቀዳዳዎችን ይደፍናል። በእነዚህ ላይ ብዙ አልቆይም፤ የሚያሳስበኝ ኳርትዙ ነው።

የተተኮሰው አካል ሲቀዘቅዝ፣ 573 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ኳርትዝ የክሪስታል መዋቅሩን ለውጦ በድንገት ይኮማተራል። በዙሪያው ያለው መስታወት ግን በዚያ ልክ አይኮማተርም። ቅንጣቱ ደቃቅ ከሆነ አካሉ ውጥረቱን ይችለዋል፤ እንዲያውም ልከኛ ውጥረት ሊያጠነክረው ይችላል። ሻካራ ከሆነ በቅንጣቱ ዙሪያ ስንጥቅ ይፈጠራል፤ የሲኒዋም መሰበር ከዚያ ይጀምራል።

ይህን በሚገባ የተረዳሁት ከራሴ ስሕተት ነው። ወጣት መምህር ሳለሁ ጊዜ ለመቆጠብ ብዬ የኳርትዙን የወፍጮ ሰዓት አሳጠርሁ። ናሙናዎቹ በአነስተኛ ጭነት ተሰበሩ። የኬሚካዊ ትንተናው ውጤት ከቀድሞው ስላልተለየ፣ መለኪያውን በአግባቡ አልያዝህም ብዬ ረዳት ተማሪዬን ወቀስሁት። በማይክሮስኮፕ ስናየው ግን በትልልቆቹ የኳርትዝ ቅንጣቶች ዙሪያ ቀለበት የመሰለ ስንጥቅ ነበር። ይቅርታ ጠየቅሁት።

ኳርትዙን በአሉሚና መተካት ከዚህ ችግር ያወጣል፤ ዋጋው ግን ይከብዳል። ስለሆነም የቦምቦዋን ካኦሊን ይዘን የአገር ውስጥ ሲኒ ለመሥራት ስናስብ፣ የብረት ኦክሳይዱን መጠን ብቻ ሳይሆን አብሮት የሚገባው ኳርትዝ ምን ያህል እንደደቀቀ ልንጠይቅ ይገባል።

አሁን ሁለቱን ናሙናዎች በየረድፉ አሳልፋለሁ፤ ስብራታቸው እጅ ይቆርጣልና በጥንቃቄ ያዙልኝ።