ሳይቃጠል በቅጠል፦ ቢላዋው ከመሳቢያ ከመውጣቱ በፊት

ከወጥ ቤቱ መሳቢያ አንድ ቢላዋ ይጠፋል። እናት መጀመሪያ ልብ አትልም፤ ከድንች ልጣጭ ጋር ተጥሎ ይሆናል ብላ ታልፈዋለች። ልጇ ግን ከሳምንት ወዲህ ቦርሳውን ማንም እንዲነካበት አይፈልግም። ማታ ማታ ስልኩ ሲጮኽ ወደ በረንዳ ወጥቶ በሹክሹክታ ያወራል። “የት ልትሄድ ነው?” ስትለው በዕብራይስጥ ሁለት ቃል መልሶ በሩን ይዘጋል።

ስለ ወጣቶች የቡድን ጠብ ሲወራ ብዙ ሰው የሚታየው ወንበዴ ወይም የዕፅ ነጋዴ ነው። ነገሩ ግን ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው እዚሁ፣ በወጥ ቤቱ መሳቢያ ነው። ቢላዋ የሚይዝ ልጅ ሁሉ ሰው ሊገድል አስቦ አይደለም የሚይዘው። ብዙው የሚይዘው ፈርቶ ነው። “እነሱ ይዘው ቢመጡስ?” ይላል። በወዲያኛው ሽኩና ያለው ልጅም ይህንኑ ይላል። ሁለት የፈሩ ልጆች፣ ሁለት ቢላዋ ይዘው፣ በአንድ መናፈሻ ይገናኛሉ።

ከስድብ እስከ ቢላዋ

በእስራኤል ከተሞች የሚታየው የወጣቶች ቡድን አለቃና የአባላት መዝገብ ያለው ድርጅት አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሕንፃ ደረጃ ላይ አብረው ያደጉ፣ በአንድ ኪታ የተማሩ፣ ማታ ማታ በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ የሚቀመጡ ጓደኛሞች ናቸው። በ2023 ብቻ ከ240 በላይ ሰዎች በጥቃት በተገደሉበት በዓረቡ ማኅበረሰብ ውስጥ ካለው የወንጀል ቤተሰቦች ጦርነት ጋር መምታታት የለበትም። ያኛው ገንዘብና ጠመንጃ ያለው የተደራጀ ወንጀል ነው። ይኼኛው የክብርና የኩርፊያ ጉዳይ ነው፤ ግን እሱም ሰው ይገድላል።

አካሄዱ ተመሳሳይ ነው። አንዱ ሌላውን ይሰድባል፤ በሴት ልጅ፣ በኳስ ወይም በአንድ አስተያየት ምክንያት። ስድቡ ድሮ በሰፈር ተነግሮ በሰፈር ይሞት ነበር። ዛሬ ተቀርጾ በዋትስአፕና በቲክቶክ ይዞራል፤ መቶ ሰው አይቶት ያድራል። ከዚያ “ነገ በስምንት ሰዓት ማታ፣ መናፈሻው ጋ” የሚል መልእክት ይላካል። ጓደኞች ይከተላሉ፤ ግማሾቹ ሊያግዙ፣ ግማሾቹ ሊቀርጹ። ይህን ያህል ዓይን እያየው ወደኋላ ማለት ለአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ከሞት የከበደ ይመስለዋል።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው አንድ ነገር አለ፤ በስድቡና በቢላዋው መካከል ጊዜ አለ። አንዳንዴ ሦስት ሰዓት፣ አንዳንዴ ሦስት ቀን። በዚያ ጊዜ ውስጥ ነገሩን የሚያውቁ ልጆች ብዙ ናቸው። የማያውቁት አዋቂዎቹ ናቸው።

“እግሩን ብቻ” የሚባለው ውሸት

በወጣቶች መካከል አንድ አደገኛ እምነት አለ፤ ጭን ወይም መቀመጫ ላይ መውጋት ለማስፈራራት እንጂ አይገድልም የሚል። የቀዶ ሕክምና ሐኪሞች ይህን በፍጹም አይቀበሉትም። በጭን ውስጥ የሚያልፈው ትልቁ የደም ቧንቧ ከተቆረጠ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ደሙ አልቆ ሊሞት ይችላል። አምቡላንስ ደግሞ በደቂቃዎች ውስጥ ላይደርስ ይችላል። እንዲህ ዓይነት አደጋ ሲያጋጥም 101 መደወል፣ ቁስሉን በጨርቅ አጥብቆ ተጭኖ መያዝ፣ የተሰካ ቢላዋ ካለም አለመንቀል ያስፈልጋል።

ሕጉንም ብዙ ልጆች አያውቁትም። ከቤት ውጭ ቢላዋ ይዞ የተገኘ ሰው ለተገቢ ሥራ መያዙን ማስረዳት ካልቻለ፣ ማንንም ባይነካ እንኳ እስከ አምስት ዓመት እስር ሊፈረድበት ይችላል። በወንጀል የመጠየቂያ ዕድሜም ከ12 ዓመት ይጀምራል። “ልጅ ነው፣ ምንም አይሉትም” የሚለው አባባል ቤተሰብን አሳስቷል።

ለምን እዚህ ተደረሰ?

ቢላዋ የአንድ ማኅበረሰብ ችግር አይደለም። በእስራኤል ከሁሉም ወገን የተወለዱ ልጆች ይዘውት ይገኛሉ፤ ከሁሉም ወገን የተወለዱ ልጆችም ሞተውበታል። ነገር ግን ከኢትዮጵያ የመጡ ቤተሰቦች ልጆች፣ ከአገሩ ሕዝብ ሁለት በመቶ ገደማ ብቻ ከሆነው ቁጥራቸው ጋር ሲነጻጸር፣ በወጣቶች የወንጀል ክስና በእስር ቤት ለረጅም ዓመታት ከድርሻቸው በላይ ታይተዋል። ምክንያቱ አንድ አይደለም።

አንዱ በቤት ውስጥ የተገለበጠው ሥልጣን ነው። በጎንደር ገጠር አባት ቤቱን ይመራ ነበር፤ ዳኛውም አስተማሪውም እሱ ነበር። እዚህ ግን የባንኩን ደብዳቤ የሚያነበው፣ በሐኪም ቤት የሚያስተረጉመው፣ የመምህሩን ስልክ የሚያነሳው ልጁ ሆነ። መምህሩ ስለ ልጁ ጥፋት ሲደውል የሚያስተረጉመው ያው ልጅ ከሆነ አባት ምን ይሰማል? “ሁሉም ደህና ነው አባዬ” የሚለውን ነው የሚሰማው። በ1980ዎቹ ከመጡት ወጣቶች አብዛኞቹ ወደ ፕኒሚያ መላካቸውም ብዙ ወላጆችን ከልጆቻቸው አስተዳደግ አርቋል። እነዚያ ልጆች ዛሬ ራሳቸው ወላጆች ናቸው።

ሁለተኛው ትምህርት ቤት ነው። በእስራኤል የትምህርት ባለሙያዎች “ስውር ማቋረጥ” የሚሉት ነገር አለ። ልጁ በመዝገብ ላይ ተማሪ ነው፤ በተግባር ግን ግማሹን ቀን ከክፍል ውጭ ነው። ቀኑ ባዶ የሆነበት ልጅ የሚሞላለት ቡድን አያጣም።

ሦስተኛው ከፖሊስ ጋር ያለው ቁስል ነው። በ2015 ወታደሩ ደማስ ፓካዳ በሆሎን ሲደበደብ የሚያሳየው ፊልም፣ በ2019 ደግሞ ሰሎሞን ተካ በቂርያት ሐይም በፖሊስ ጥይት መሞቱ ሕዝቡን አደባባይ አስወጥተዋል። በ2016 የወጣው የፓልሞር ኮሚቴ ሪፖርትም በኢትዮጵያ ተወላጆች ላይ የሚፈጸም አድልዎ መኖሩን በመንግሥት ደረጃ አምኗል። ይህ ከጠቡ ጋር ምን አገናኘው ሊባል ይችላል። በጣም ይገናኛል። የዛቱበት ልጅ ወደ ሚሽታራ ሄዶ አቤት ማለት ካልታየው የሚቀረው ምርጫ ጓደኞቹና መሳቢያው ናቸው። ወላጅም “ብደውል ልጄን ወንጀለኛ ያደርጉብኛል” ብሎ ዝም ይላል።

ግላስጎው ምን አደረገች?

የስኮትላንዷ ግላስጎው ከተማ ከሃያ ዓመት በፊት በአውሮፓ ነፍስ ግድያ የበዛባት ከተማ ተብላ ትጠራ ነበር። ከአባት ወደ ልጅ የሚወረሱ የሰፈር ቡድኖች ነበሯት፤ መሣሪያቸውም ጠመንጃ ሳይሆን ቢላዋ ነበር። ፖሊስ ያስራል፣ ፍርድ ቤት ይፈርዳል፣ ቢላዋው ግን አይቆምም።

በ2005 ካሪን ማክላስኪና ጆን ካርኖካን የተባሉ ሁለት የፖሊስ ባልደረቦች ጥቃትን እንደ ተላላፊ በሽታ የሚያይ ክፍል አቋቋሙ። በሽታ ከአንዱ ወደ አንዱ ይተላለፋል፤ የተያዘውን ብቻ ሳይሆን መተላለፊያውን መዝጋት ያስፈልጋል የሚል ሐሳብ ነው። በ2008 የቡድን አባላት ወደ ፍርድ ቤት አዳራሽ ተጠሩ፤ ሊፈረድባቸው ሳይሆን ሊሰሙ። ፖሊስ “እናውቃችኋለን፤ አንዱ ቢወጋ መላው ቡድን ይጠየቃል” አለ። አንድ ሐኪም የሚሰፋውን ፊት ገለጸ። አንዲት እናት ልጇ ላይ የደረሰውን ተናገረች። በመጨረሻ አንድ ስልክ ቁጥር ተሰጣቸው፤ መውጣት የፈለገ ይደውል፤ ሥራ፣ ትምህርት፣ ምክር ይዘጋጅለታል ተባሉ።

ተገኝተው የነበሩ ሰዎች እንደሚሉት ደንዳና የሚመስሉትን ልጆች ያስለቀሳቸው ፖሊሱ ሳይሆን የእናትየዋ ንግግር ነበር። በኋላ የተደረገ ጥናት በፕሮግራሙ በተሳተፉት ወጣቶች ዘንድ መሣሪያ ይዞ መገኘት ካልተሳተፉት ይልቅ በጣም መቀነሱን አሳይቷል። በስኮትላንድ በ2004 እና 2005 በአንድ ዓመት ውስጥ ከ130 በላይ የነበረው የነፍስ ግድያ በቅርብ ዓመታት ከግማሽ በታች ወርዷል። ለውጡ የአንድ ፕሮግራም ውጤት ብቻ አይደለም። ከትምህርት ቤት የሚባረሩ ልጆች ቁጥር እንዲቀንስ ተደርጓል፤ በድንገተኛ ክፍሎችም ቀድሞ በዚያ ሕይወት ያለፉ ሰዎች ከቆሰለው ልጅ አልጋ አጠገብ ተቀምጠው እንዲያነጋግሩት ተደርጓል። ልጁ ለበቀል ከመነሳቱ በፊት፣ ቁስሉ ትኩስ ሳለ ማለት ነው።

ደም ማድረቅ

በቺካጎም ከ2000 ጀምሮ ተመሳሳይ ሥራ ተሠርቷል። የሰፈሩን ቋንቋ የሚያውቁ ሰዎች ተቀጥረው ዛቻ ሲሰሙ በሁለቱ ወገን መካከል ይገባሉ። ይህን የሚሰማ አንድ የጎንደር አዛውንት ምናልባት ይስቃሉ፤ “ይኼማ ሽምግልና ነው” ይላሉ።

እውነት ነው። ደም በተቃቡ ቤተሰቦች መካከል ገብቶ ደም ማድረቅ ሰሜን ኢትዮጵያ ለዘመናት የኖረበት ሥርዓት ነው። ቤተ እስራኤልም በቄሶቹና በሽማግሎቹ አማካይነት ጠቡን ሲፈታ ኖሯል። ሽማግሌ የሚላከው ፍርድ ቤት ከተሄደ በኋላ ብቻ አልነበረም፤ ሌላ ሬሳ ከመውደቁ በፊት ነበር። ዛሬ የጎደለው ሽማግሌ አይደለም። የጎደለው ሽማግሌው ነገሩን በሰዓቱ የሚሰማበት መንገድ፣ ልጁም የሚገባው ቋንቋ ነው። የዋትስአፑን ስድብ ያላየ ሽማግሌ ሊያስታርቅ አይችልም፤ አማርኛ የማይገባው ልጅም ምርቃቱ አይነካውም።

ስለዚህ ሽማግሌውን ብቻውን መላክ አይበቃም። ከጎኑ ዕብራይስጥ የሚያውቅ፣ በሽኩናው የተከበረ የሃያ አምስት ወይም የሠላሳ ዓመት ወጣት ያስፈልገዋል፤ ሠራዊት አገልግሎ የተመለሰ፣ የኳስ አሠልጣኝ፣ ወይም ራሱ በጥፋት አልፎ የተመለሰ። ወጣቱ ወሬውን በሰዓቱ ያመጣል፤ ሽማግሌው ደግሞ ለሁለቱም ልጆች ክብራቸው ሳይነካ ወደኋላ የሚመለሱበትን መንገድ ይሰጣል። “ፈርቼ ቀረሁ” ማለት የማይችል ልጅ “ሽማግሌ ገብቶብኝ ተውኩት” ማለት ይችላል። ሽምግልና ከጥንትም ያደረገው ይህንኑ ነው።

ዛሬ ማታ ምን ማድረግ ይቻላል?

ወላጅ ልጁ ከወትሮው ከተለየ፣ አንድን መንገድ ወይም አውቶቡስ መሸሽ ከጀመረ፣ ቦርሳውን ከደበቀ፣ በቁጣ ሳይሆን በጥያቄ ይጀምር። “ምን አጠፋህ?” የሚለው በሩን ይዘጋል። “ማንን ፈርተህ ነው?” የሚለው ሊከፍተው ይችላል። ቢላዋ ከተገኘ መውሰድ ብቻውን ጥቅም የለውም፤ መሳቢያው ሌላም አለው። የያዘበትን ምክንያት ማግኘት ያስፈልጋል።

የመምህር ስልክ ሲመጣ ልጁ አያስተርጉም። ትምህርት ቤቱ አስተርጓሚ ወይም የማኅበረሰቡን አገናኝ እንዲያቀርብ መጠየቅ ነውር የለውም። በየከተማው አስተዳደር ከትምህርት ለራቁ ወጣቶች የሚሠራ “ቂዱም ኖዓር” የሚባል ክፍል አለ፤ ልጁ ሳይከሰስ በፊት እዚያ መሄድ ይቻላል። የማኅበራዊ ደኅንነት መሥሪያ ቤት መስመር 118 ነው። ዛቻው በኢንተርኔት ከሆነ 105፣ ጠቡ ሊነሳ ከሆነ ደግሞ 100 ይደወላል።

በብዙ ከተሞች ዓርብ ማታ ደማቅ ሰደሪያ ለብሰው በመናፈሻዎች የሚዞሩ የወላጆች ቡድኖች አሉ፤ “ሰየሬት ሆሪም” ይባላሉ። አይዙም፣ አይመቱም፤ ቆመው ያወራሉ፣ ውኃ ይሰጣሉ። የራሱን ቋንቋና መልክ በመካከላቸው ያየ ልጅ መናፈሻው ባለቤት እንዳለው ይረዳል።

ልጆቹም የራሳቸው ድርሻ አላቸው። “ነገ እንገናኝ” የሚለውን መልእክት ያየ ሃያ ልጅ ነው። ከሃያው አንዱ ለአንድ የሚያምነው አዋቂ ቢናገር ጓደኛውን ከዳ አይባልም፤ ከእስር ወይም ከመቃብር አዳነው እንጂ።

እናትየዋ መሳቢያውን ዘግታ ሶፋው ላይ ትቀመጣለች። ልጁ ጫማውን እያሠረ ነው። ገና አልወጣም።