ሸዋል ኢድ በሐረር

ሸዋል በእስልምና የቀን አቆጣጠር አሥረኛው ወር ሲሆን፣ የመጀመሪያው ቀን የረመዳን ጾም የሚፈታበት ኢድ አልፈጥር ነው። በሐረር ግን በዓሉ በዚህ አያበቃም፤ በኢድ ዕለት መጾም ክልክል በመሆኑ ከወሩ ሁለተኛ ቀን ጀምሮ ለስድስት ቀናት ይጾምና በ8ኛው ቀን፣ ከዋዜማው ምሽት አንሥቶ፣ ሸዋል ኢድ ይከበራል።

ስድስቱን ቀናት መጾም ሱና፣ ማለትም ግዴታ ያልሆነ ነገር ግን ምንዳ የሚያስገኝ ተግባር ነው። በሐረሪዎች ዘንድ ጾሙ ይበልጡን የሴቶች ነው፤ በወር አበባ፣ በእርግዝና ወይም በወሊድ ምክንያት በረመዳን ያለፋቸውን ቀናት የሚያካክሱበት ወቅት በመሆኑ፣ የእነርሱ ጾም ሲፈታ ከተማው በሙሉ በዓል ያደርጋል። ስለ ሸዋል ኢድ ሲወራ የወጣቶች መተጫጨት ቢቀድምም፣ የበዓሉ ሥር ግን እያንዳንዷ ሴት በቤቷ ብቻዋን ልትከፍለው ትችል የነበረው የጾም ዕዳ የአደባባይ ክብር ማግኘቱ ነው።

ሕዝቡ የሚሰባሰበው አው ሹሉም አሕመድ እና አው አክበራ በሚባሉት የወልዮች፣ ማለትም የአላህ ወዳጆች ተብለው በሚከበሩ አባቶች መካናት ዙሪያ ነው። በዚያም ከረቡ በተባለው ከበሮና ከበል በሚሉት የእንጨት ማጨብጨቢያ ታጅቦ አላህንና ነቢዩን የሚያወድሰው ዝክሪ ይዜማል። በወልዮች መካን ማክበርን የማይደግፉ ሙስሊሞች መኖራቸው ባይካድም በዓሉ ጸንቶ ቀጥሏል።

በየሰፈሩ ተለያይተው የሚውሉ ወጣቶች በቤተሰብና በሽማግሌዎች ፊት የሚተያዩት በዚህ ጊዜ በመሆኑ፣ ለትዳር መፈላለግ ነውርነት አይኖረውም። ከዚህ የሚወለደው ሠርግ ደግሞ ወደ አፎቻ ይሄዳል፤ አፎቻ ከዕድር ጋር የሚቀራረብ፣ ሐዘንን ብቻ ሳይሆን ሠርግንም የሚሸከም የሐረሪዎች መረዳጃ ማኅበር ሲሆን፣ ወንዶችና ሴቶች የየራሳቸው አፎቻ አላቸው።

ጀጎል የተባለው በግንብ የታጠረው የሐረር ጥንታዊ ከተማ በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ በኋላ፣ ሸዋል ኢድም በ2016 ዓ.ም. ኅዳር ወር በማይዳሰሱ የሰው ልጅ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ገብቷል። በውጭ አገር የሚኖሩ ሐረሪዎች ለበዓሉ ወደ ከተማቸው የመመለስ ልማድ ሲኖራቸው፣ የጨረቃው አቆጣጠር በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ገደማ ስለሚቀድም በዓሉ ከሥራና ከትምህርት ቤት ዕረፍት ጋር የሚገጥመው አልፎ አልፎ ነው።