መተማ፦ መዝገብ ያልተከፈተለት በደል

ከጎንደር ተነስቶ በአይከልና በገንዳ ውኃ አድርጎ ወደ ቆላው የሚወርደው አስፋልት መተማ ዮሐንስ ያደርሳል። ከተማዋ «ዮሐንስ» የሚለውን ስሟን ያገኘችው በመጋቢት 1881 ዓ.ም. እዚያው ከወደቁት ከዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ነው። ማዶው ጋላባት፣ ሱዳን ነው። መንገዱ ሰሊጥና ጥጥ ይወጣበታል፤ የቀን ሠራተኛ ለአረምና ለአጨዳ ይወርድበታል። ዛሬ ግን መንገደኛው ከመሳፈሩ በፊት የሚያስበው እገታን ነው።

እገታ የሚጀምረው በስልክ ጥሪ ነው። ብሩ ካልመጣ ሰውዬው እንደማይመለስ ይነገራል። ቤተሰቡ በሬ ይሸጣል፣ ገና ያልታጨደ ሰሊጥ አስይዞ ይበደራል፣ ዘመድ አዝማድ ያዋጣል። ታጋቹ በሕይወት ቢመለስ እንኳ ከሳሽ አይገኝም፤ ነገም በዚያው መንገድ የሚያልፍ ሰው ቃሉን ለመስጠት ይፈራል። በደሉ ያለ መዝገብ ይቀራል።

የአካባቢው ቁስል የቆየ ነው። ከቅማንት ሕዝብ የራስ አስተዳደር ጥያቄ ጋር ተያይዞ በተነሳው ግጭት ሰው ተገድሏል፣ ቤት ተቃጥሏል፣ ብዙ ሺህ ሕዝብ ተፈናቅሏል። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ ደግሞ ሸሽቶ የመጣው ሕዝብ በመተማ ገባ። በዚያው ዓመት ክረምት የአማራ ክልል ራሱ ጦርነት ውስጥ ወደቀ፤ ሐምሌ 28 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በኩመርና በአውላላ መጠለያዎች ሰፍረው የነበሩት የሱዳን ስደተኞች ዘረፋና ጥቃት ሲበረታባቸው፣ በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. 1,000 ያህሉ ከአውላላ መጠለያ በእግራቸው ወጡ።

ሕግ አልታጣም። ተፈናቃዮችን የሚጠብቀው የካምፓላ ስምምነት በአዋጅ 1187/2012 ጸድቋል፤ ስደተኞች አዋጅ 1110/2011 አላቸው፤ ምስክሮችን የሚጠብቅ አዋጅ 699/2003 አለ። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. የጸደቀው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲም ልዩ ፍርድ ቤት፣ ልዩ ዐቃቤ ሕግና የእውነት አፈላላጊ ኮሚሽን እንዲቋቋም ይላል። የመተማ ተበዳይ ግን የሚፈልገው አዋጁን ሳይሆን ቃሉን የሚቀበለውን ሰው ነው።

ሽምግልናስ? በጎንደር ምድር ደም ማድረቅ የከበረ ሥርዓት ነው። ሽማግሌ ይቀመጣል፣ በዳይ ጥፋቱን ያምናል፣ ካሳ ይከፈላል፣ ወገኖች ይታረቃሉ። ይህ ግን በዳይ ሲታወቅ ነው። ፊቱን ከሸፈነ አጋች ወይም ቤት አቃጥሎ ከተሰወረ ታጣቂ ጋር ማን ይታረቃል? እርቅም ቢሆን መርማሪ ይፈልጋል።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 28 በሰው ልጆች ላይ የሚፈጸሙ ወንጀሎች በይርጋ እንደማይታገዱ ይደነግጋል። ማስረጃ ግን ይጠፋል። ምስክር ይሞታል፣ ይሰደዳል፤ የተቃጠለው ቤት ቦታ ይታረሳል። ስለዚህ ምዝገባው ሰላም እስኪወርድ መጠበቅ የለበትም። የሟች ስም፣ የወደመው ንብረት፣ የቁስለኛው የሕክምና ካርድ ዛሬ ይመዝገብ። መንገድ በሚፈቅድበት ሁሉ ተዘዋዋሪ ችሎት ይውረድ፤ ነፃ የሕግ ድጋፍ ለተፈናቃዩም ለስደተኛውም ይድረስ፤ የምስክሩ ስም ይሸሸግ። ምዝገባው በዳዩ የመንግሥት ኃይልም ይሁን ታጣቂ፣ ተበዳዩ አማራም ይሁን ቅማንት ወይም ሱዳናዊ፣ ልዩነት አያድርግ።

አበው «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች» ይላሉ። የመተማ ሰው ያለ ፍርድ የሄደበት ከጭብጦ እጅግ ይበልጣል፤ ልጁ፣ ቤቱና በሬው ነው። መዝገቡ ይከፈትለት።